የቴልማ ስድስት ድንጋዮች

ቴልማ ከርሾን እልኸኛ የሚሏት ሰዎች አያውቋትም። እልኸኛ ሰው እልኹ የሚበርድለት ቀን አለው። ቴልማ ግን «እሺ» የሚለውን ቃል ለሻይ ብቻ ነው የምታወጣው። «ልቅዳልሽ?» ስትባል «እሺ» ትላለች፤ ለሌላው ነገር ሁሉ መጀመሪያ «ለምን?» ነው መልሷ። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ኦልድሃም አጠገብ ባለችው ከተማችን የጥጥ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እሷና እኔ ጎን ለጎን ቆመን ሸምነናል። በዚያ የሽመና መኪና ጩኸት የሰው ድምፅ ስለማይሰማ እኛ ሸማኔዎች የምንነጋገረው በከንፈር ነበር። ድምፅ ሳናወጣ አፋችንን ከፈት እያደረግን ቃሉን እንሠራለን፣ ጓደኛችን ከማዶ ሆና ታነበዋለች። ስንቱን አለቃ እፊቱ ቆመን አምተነዋል! ፋብሪካው ሄደ፣ ልማዱ ግን አልለቀቀንም።

ከዚያ በኋላ ቴልማ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገባች፣ እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ የሻይ መስኮት ያዝኩ። ሐሙስ ሐሙስ አዳራሹን የሚከራየው የሪሞት መኪና ክበብ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው በጣውላ መንገድ ያበጃሉ፤ ከዚያ ሚስትና ልጅ ያላቸው ጎልማሶች መድረኩ ላይ ተደርድረው፣ ሪሞት ይዘው፣ የጫማ ሳጥን የሚያክሉ መኪኖች ያከንፋሉ። በደህና ጊዜ «ደህና ዋልሽ» ለማለት አፋቸውን የማይከፍቱ ሰዎች መኪናቸው ሲገለበጥ እንደ ሐዘንተኛ ይጮኻሉ።

ቴልማ መጀመሪያ የምትመጣው ኩባያ ልታጥብልኝ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ፣ ከተሰነጣጠቁ ሳህኖች ሥር አንዲት ቀይ የሪሞት መኪና አገኘች። ለእህቷ ልጅ ወሰደችለት። ልጁ «አሮጌ ነው» ብሎ አፍንጫውን ነፋ። «እንግዲያውስ አፍንጫህን ላስ፤ የኔ ናት» ብላ ይዛት ተመለሰች። እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

መኪናዋ ባትሪ አልነበራትም። ባትሪ የሚሸጠው ኔቪል ካትረል ነው። ኔቪል የክበቡ ሊቀ መንበር ነው፣ ገበያው ውስጥ ያለው የመጫወቻ ሱቅም የእሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን በክበቡ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ በእሱ ሱቅ በኩል ካላለፈ እንቅልፍ አይወስደውም።

«ይቺን ውሰጂ የኔ እናት» አላት፣ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የታሸገ ባትሪ እያሳየ። «በውስጧ ያሉት ስድስቱም ድንጋዮች ተለክተው የተመረጡ እኩዮች ናቸው።»

«ማን ለካቸው?»

«ፋብሪካው ነዋ!»

«እኔስ ፋብሪካ አልሠራሁም?» አለችና ዋጋውን ጠየቀች። ዋጋውን ስትሰማ ሣቀች። ባትሪዋ በዋጋ ከመኪናዋም፣ ከቴልማ የክረምት ካፖርትም ትበልጣለች።

ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ይታደስ ነበር። አናጢዎቹ የመሰርሰሪያ ድሪላቸው ባትሪ አልሞላ ሲላቸው ገንዳ ውስጥ ይወረውሩታል። ቴልማ ከገንዳው እየለቀመች ወደ ቤት ታግዝ ጀመር።

«ሞቷል እኮ እሱ፣ እማማ» አላት አንዱ አናጢ።

«ሁሉም አብረው አይሞቱም» አለችው። «አንዱ ታሞ ሌሎቹን ያስቀብራቸዋል እንጂ።»

እውነቷን ነበር። በድሪል ባትሪ ሆድ ውስጥ ከአውራ ጣት ወፈር ያሉ ድንጋዮች ተደርድረው አሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሞተው አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ነው። ቴልማ የወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ትለያያቸዋለች። ያበጠውንና ፈሳሽ ያለቀሰውን ትጥላለች። የቀረውን አንድ በአንድ ሞልታ ከትንሽ አምፖል ጋር ታገናኝና ሻይዋን ይዛ ቁጭ ብላ ታያለች። አምፖሉ ቶሎ የፈዘዘበት ድንጋይ ወደ ግራ፣ ብዙ የቆየው ወደ ቀኝ። እኩል የቆዩትን ስድስት ትመርጣለች። አንድ ደካማ ከአምስት ብርቱ ጋር ከታሰረ ብርቱዎቹ እየጎተቱ ይጨርሱታል፣ ከዚያ ሁሉም ይቆማሉ ትላለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ሸማኔዎች ግን መሀሉ ያለች አንዲት የሳሳች ክር ምን እንደምታደርግም እናውቃለን።

ከዚያ ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ፣ አንዱን በእግሩ አንዱን በራሱ እያቆመች፣ በመዳብ ቁራጭ አያይዛ በስታኞ ትበይዳቸዋለች። ብየዳው ላፍ ብሎ ማለቅ አለበት፤ ከቆየ ድንጋዩ ከውስጥ ይቃጠላል። መጀመሪያ ያልተቃጠለ ነገር አልነበረም። ድንጋይ አቃጠለች፣ ጣቷን አቃጠለች፣ የእናቷን የጠረጴዛ ልብስ አቃጠለች። አንዱን ድንጋይ ገልብጣ በየደችውና መኪናዋ እንደ ባለ ሪህ ስታዘግም ዋለች። ተዪው ስላት «ለምን?» አለችኝ። በመጨረሻ ስድስቱን ደርድራ፣ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ጠቅልላ፣ አንድ ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ከች አለች።

«እትዬ ቴልማ፣ ዛሬ ምን ልትሰረስሪ መጣሽ?» አሏት ወጣቶቹ፣ የድሪሉን ነገር ሰምተው።

«ያንተን የራስ ቅል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ልየው ብዬ።»

ፈጣን አልነበረችም። አምስት ደቂቃ በሚፈጀው ውድድር ሁሉም ሽው ብለው ያልፏታል። ግን እነሱ በስሜት ሲጋልቡ ባትሪያቸው መጨረሻው ላይ ይደክማል፣ የእሷ ቀይ መኪና እየተንፏቀቀችም ቢሆን የማብቂያው ጡሩንባ እስኪነፋ አንድም ቀን ቆማ አታውቅም። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነዳች። ከፋብሪካው ወዲህ እንዲህ ስትሥቅ አይቻት አላውቅም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የማንም ሚስት፣ የማንም አክስት፣ የማንም ወጥ ቤት ሠራተኛ ሳትሆን ቴልማ ብቻ ነበረች፤ ይህን ነገር የሚወስድባት ሰው ከእኔ ጋር ጠበኛ ነው።

አሁን ስለ ማሞቂያው ልንገራችሁ። የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ የብረት ማሞቂያ አለ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የሞቀ ባትሪ ይበልጥ ይሮጣል የሚል እምነት አላቸው። ስለዚህ ክረምት ክረምት ሁሉም ከመንዳቱ በፊት ባትሪውን ማሞቂያው ላይ እንደ እርጥብ ካልሲ ያሰጣል። ከብዙ ዓመት መፋተግ የተነሳ የብረቱ ቀለም ተልጦ ራቁቱን ቀርቷል። አንድ ሐሙስ የቴልማ ባትሪ እዚያ ሲሞቅ ፕላስተሩ ለሰለሰና ተንሸራተተ፤ ብየዳው ብረቱን ነካ። ጭሱ ቡፍ አለ! ባትሪው ወደቀና ወለሉ ላይ ለባድሜንተን ጨዋታ ከተሰመረው መስመር አጠገብ የድስት ክዳን የሚያክል ጥቁር ምልክት አተመ።

ቄሱ መጥተው ጎንበስ አሉና ምልክቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ጮኸው ቢሆን ይሻል ነበር። በሳምንቱ ኔቪል ሁሉንም ሰበሰበ።

«አዳራሹን ከተቀማን መሄጃ የለንም» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ከሱቅ ታሽጎ የተገዛ እንጂ ቤት ውስጥ የተሠራ ባትሪ እዚህ አይገባም።»

ሁሉም ወደ ቴልማ ዞሩ። ብድግ አለች።

«የቃጠሎው ጥፋት የኔ ነው» አለች። «ፕላስተሩ የማይረባ ነበር። ወለሉን እኔ ራሴ እፍቀዋለሁ፣ ባትሪዬንም በሌላ ነገር እጠቀልለዋለሁ። ማሞቂያው ላይ ማስጣት ግን የሁላችሁም ጥፋት ነው፤ ስለሱ ለምን ሕግ አላወጣህም?»

ኔቪል ጉሮሮውን ጠረገ። «ቴልማ፣ ነገር አናክርር። ገንዘቡ ከሆነ ችግሩ…» አለና ከኪሱ አዲስ የታሸገ ባትሪ አውጥቶ በሰው ሁሉ ፊት ዘረጋላት። «እንካሽ፣ በነፃ። ከክበቡ ስጦታ ነው።»

በግልጽ ልናገር፤ ያን ባትሪ ነጥቄ ፊቱ ላይ ብወረውርለት ደስ ባለኝ። ሰውን ከበሩ አስወጥቶ በመስኮት እንጀራ መወርወር ማለት ይኼ ነው።

«ምን ቆርጦኝ!» አለች ቴልማ። «እኔ ባትሪ አጥቼ አይደለም የቆምኩት። ባትሪ አለኝ። በራሴ እነዳለሁ፣ ካልሆነ አልነዳም።»

«እንግዲያው አትነጂም» አለ ኔቪል።

ቀረች ስንል በሚቀጥለው ሐሙስ መጣች። መኪናዋን አልያዘችም። የወጥ ቤት ሽርጧን እንደታጠቀች ቀጥ ብላ ሄዳ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቆመች።

በክበቡ አንድ የማይሻር ልማድ አለ፤ የነዳ ይቆማል። ውድድርህን ስትጨርስ ቀጣዮቹ ሲነዱ አንድ ኩርባ ላይ ቆመህ የሚገለበጠውን መኪና እየሮጥክ ታነሳለህ። ሁሉም ይጠላዋል። ወገብ ያማል፣ መኪና ቁርጭምጭሚት ይመታል፣ ያነሳህለትም ሰው «ምነው ዘገየህ!» ብሎ ይሰድብሃል። ከሁሉ የከፋው ማሞቂያው አጠገብ ያለው ሁለተኛው ኩርባ ነው፤ እዚያ የማይገለበጥ የለም። ወንዶቹ ተራቸው ሲደርስ ድንገት ሽንታቸው ይመጣል፣ ድንገት ሻይ ይጠማቸዋል። የእኔ ሻይ ግማሹ የተሸጠው ከዚያ ኩርባ በሚሸሹ ሰዎች ነው።

ያልነዳች ቴልማ ግን ቆመች። ውድድር ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፣ እሷ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ከሻይ መስኮቴ ሆኜ በከንፈሬ «ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?» አልኳት።

ከአዳራሹ ማዶ አፏን ከፈተች። «ቦታዬን እየጠበቅኩ ነው።»

ወንዶቹ መጀመሪያ አፈሩ። ከዚያ ተመቻቸው። ከዚያ ረሱት። ክረምቱ ሲያልቅ ሁለተኛው ኩርባ የቴልማ ነው ተብሎ ማንም ተራ መጠበቁን ተወ። ሁሉም ነድቶ ሲጨርስ ወደ እኔ መስኮት ይጎርፋል። የተገለበጠ መኪና እንደ ቴልማ የሚያነሳ ሰው አልነበረም፤ አርባ ዓመት የተበጠሰ ክር ስታነሳ የኖረች እጅ ናት። «እትዬ ቴልማ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!» ይሏታል። አንዱም ግን ተነስቶ «ኔቪል፣ ይቺ ሴት ለምን አትነዳም?» አላለም። ይህ ነው እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው።

በፀደይ፣ እሑድ ቀን፣ ከኮረብታው ማዶ ያለው ክበብ ሊወዳደረን መጣ። ይህ ውድድር ለኔቪል ከገና ይበልጣል። ባለፈው ዓመት ተሸንፎ ዋንጫውን ሲያስረክብ ፊቱ እንደ ኮምጣጤ ነበር። ዘንድሮ ሱቁ ውስጥ ያለውን ምርጥ ባትሪ ይዞ በማጣሪያው አንደኛ ወጣ። ቴልማ ቦርሳ አንጠልጥላ ገባች። ከእኔ መስኮት አንድ ኩባያ ጥቁር አተር በኮምጣጤ ወሰደች፣ የታጠፈ ወንበር አነሳች፣ ሁለተኛው ኩርባ አጠገብ ዘርግታ ተቀመጠች።

የዋንጫው ውድድር ተጀመረ። ኔቪል መሪ ነው። ምንም ሳይሆን ዙር በዙር ሲያልፍ የእኛዎቹ ሲያጨበጭቡ፣ እንግዶቹ ሲያጉረመርሙ ቆየ። ወደ ማብቂያው ሲቃረብ አንዱ እንግዳ ከኋላ ነካው፤ የኔቪል መኪና ሁለተኛው ኩርባ ላይ ተንከባለለችና በጀርባዋ ተኛች። አራቱም ጎማዎቿ አየር ላይ ይሽከረከራሉ። የወደቀችው ከቴልማ ጫማ ፊት ነው።

ቴልማ አንድ ማንኪያ አተር ጎረሰች።

«ቴልማ!» ብሎ ጮኸ ኔቪል ከመድረኩ ላይ። «አንሺያት እንጂ!»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! ኩርባሽ አይደለም እንዴ!»

«የነዳ ይቆማል ነው ሕጉ» አለች ቴልማ፣ አተሩን እያላመጠች። «እኔ አልነዳሁም። ስለዚህ አልቆምኩም፤ ተቀምጫለሁ።»

የኔቪልን መኪና እንግዶቹ አንድ በአንድ ያልፏታል። እዚያ ኩርባ መቆም የነበረባቸው የእኛዎቹ ወንዶች የት ነበሩ? በእኔ መስኮት ተደርድረው፣ በሊጥ የተጋገረ የሥጋ ፓይ በእጃቸው ይዘው። አንዱ ሊሮጥ ሲነሳ እጅጌውን ያዝኩት። «ሻይህን ጨርስ» አልኩት።

«ቴልማ ስለ እግዚአብሔር!» አለ ኔቪል። «ጊዜው እያለቀ ነው!»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ማንኪያዋን አስቀምጣ። «የዚህ ክበብ አባል ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

«ነሽ! ነሽ አልኩሽ! አንሺያት!»

«እነዳለሁ?»

«ትነጃለሽ!»

«በየትኛው ባትሪ?»

ኔቪል ወደተገለበጠችው መኪናው አየ። ሌላ መኪና አጠገቧ ሽው ብሎ አለፈ። የእንግዶቹ ሊቀ መንበር ሣቁን መያዝ አቅቶት ትከሻው ይርገፈገፋል።

«በራስሽ!» አለ ኔቪል፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ። «በራስሽ ባትሪ!»

«ሰምተናል!» ብዬ ትሪውን በማንኪያ ደበደብኩት። ከዚያ በኋላ ሰምቻለሁ ያላለ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ቴልማ ጎንበስ ብላ የኔቪልን መኪና አቃናች። እንደ ሁልጊዜዋ፣ ቀለል አድርጋ፣ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙራ። ኔቪል አራተኛ ወጣ። ዋንጫው ዘንድሮም ኮረብታውን ተሻገረ።

ከመድረኩ ወርዶ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ መጣ። ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል።

«አዋረድሽኝ» አላት።

«ክረምቱን ሙሉ ስቆም የት ነበር ክብሬ?» አለችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ባትሪዋን አወጣች። ስድስቱ ድንጋዮች እያንዳንዳቸው ለብቻ በብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ተሸፍነዋል፤ ከላይ ደግሞ ሌላ ከመነዳሪ ሁሉንም ጥብቅ አድርጎ ይዟቸዋል። ብየዳው የትም አይታይም። «ያዘው። ጎትተው፣ ጠምዝዘው። የሚወጣ ነገር ካለ አሁኑኑ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

ኔቪል ጎተተው። ጠመዘዘው። በጥፍሩ ፈለቀቀው፤ ከመነዳሪው ወይ ፍንክች። ኔቪል በዕቃ አይዋሽም፣ ይህን አልነፍገውም። ረዥም ጊዜ አገላብጦ አየውና መለሰላት።

«ማሞቂያው ላይ እንዳታሰጪው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ማንም አያሰጣም» አለች።

«እሺ፤ ማንም አያሰጣም።»

ከሁለቱ ክበቦች ለዋንጫው ያላለፉት ሁሉ የሚነዱበት አንድ የመጨረሻ ውድድር ይቀር ነበር። ቴልማ መኪናዋንም ከቦርሳዋ አውጥታ መነሻው ላይ አስቀመጠችና መድረኩ ላይ ወጣች፣ ሽርጧን አልፈታችም። ቀይዋ መኪና ከኋላ ተነሳች። ሽው እያሉ አለፏት። አንዱ ተገለበጠ፣ አንዱ ግድግዳ ሳመ፣ የሁለቱ ባትሪ ደከመ፤ እሷ ያንኑ ፍጥነት ይዛ፣ ያንኑ መስመር ጠብቃ ዞረች። እኔ ውድድሩን አላየሁም፣ ፊቷን ነበር የማየው። ጡሩንባው ሲነፋ ከስምንቱ አምስተኛ ነበረች። ሌሎቹ መኪናቸውን ሲያነሱ እሷ ባዶው ምንጣፍ ላይ አንድ ዙር ጨመረች፣ ደግሞ አንድ። ስድስቱም ድንጋዮች ገና አልደከሙም ነበር።

«ይበቃል እትዬ ቴልማ!» ብለው እየሣቁ ጮኹባት።

«ለምን?» አለች።

ሲያበቃ ከዚያች አተር በቀር ምንም ሳትበላ የዋለች ሴት ናት ብዬ አዲስ ሻይ ቀዳሁላት፣ ከሥጋ ፓዩም ትልቁን አስቀረሁላት። እንግዶቹ ለመሰናበቻ አንድ ዙር እንጨምር ብለው መኪናቸውን ደረደሩ። ቴልማ ከመድረኩ ስትወርድ አንዱ ወጣት ሮጦ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቆመ፤ አፍሮ ነው መሰለኝ። በክርኗ ገፋ አድርጋ አስነሳችው። ወንበሩን አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው፣ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች፣ ቦታዋን ያዘች።

ከመስኮቴ ሆኜ በከንፈሬ «ነይ እንጂ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ!» አልኳት።

ከማዶ አየችኝ። አፏን ሰፋ አድርጋ፣ እንደ ድሮው እንደ ፋብሪካው ጊዜ፣ አንድ በአንድ ሠራችው።

«ነድቻለሁ እኮ።»